የተሞላ ጥርስ መቼ ይቀየራል?

«ጥርሴን ካስሞላሁ 10 ዓመት ሆነኝ፤ ላስቀይረው?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ሙሌት እንደ መድኃኒት የማብቂያ ቀን የለውም። ዕድሜው ብቻውን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም።

በጥቅሉ ብርማው አማልጋም ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ጥርስ የሚመስለው ኮምፖዚት ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል ይባላል። ይህ ግን ግምት ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

እርግጡ ነገር ይኸው፦ ሙሌቱ ከተሰበረ፣ ከላላ ወይም ከሥሩ ጥርሱ ዳግም ከተበላ መጠገን ወይም መቀየር አለበት። ምላሳችሁ ሻካራ ጠርዝ ካገኘ ወይም ስትነክሱ ጠቅ አድርጎ ካመማችሁ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት።

ለምሳሌ 14 ዓመት የቆየ ሙሌት ጠርዙ ግጥም ካለና ራጁ ላይ ከሙሌቱ ሥር ያለው ጥርስ ንጹሕ ከሆነ ይተዋል። የ3 ዓመቱ ተከፍቶ ምግብ ከገባበት ግን ዕድሜው አያድነውም።

ያለምክንያት ማስቀየር ጉዳት አለው። አሮጌው ሲወጣ ደህናው ጥርስም ትንሽ ይቦረቦራል፤ ያ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። አያመኝም ብላችሁም አትዘናጉ፣ ከሥር ያለ መበላት ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። «ይቀየር» ስትባሉ «ምን ታይቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ራጁንም አሳዩኝ በሉ።