ልብ ከጠራ፣ ጋንጋ በገንዳ

«መን ቻንጋ ቶ ካቶቲ ሜ ጋንጋ» የሚለውን የሂንዲ አባባል በእኛ አፍ «ልብ ከጠራ፣ ጋንጋ በገንዳ» ብንለው ከዜማውም ከሐሳቡም ብዙ አንርቅም። ጋንጋ እኛ ጋንጅስ የምንለው፣ ሂንዱዎች ቅዱስ ብለው የሚታጠቡበት ወንዝ ነው። በሰሜን ህንድ አባባሉን የማይጠቅስ የለም። በማለዳ ወንዝ ወርዶ መታጠብ የታከተው ይለዋል፤ የሠፈሩ የመዝሙር ማኅበር ሲሰበሰብ ከቤቱ ያልወጣው ይለዋል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በፕራያግራጅ የተደረገው ታላቁ የወንዝ መታጠቢያ በዓል፣ ኩምብ ሜላ፣ ያመለጠውም ይለዋል። ትርጉሙ «ዋናው ልብ ነው፣ የቀረው ትርፍ ነው» ወደሚል ወርዷል። ሁሉም ልቡን ይጠቅሳል፣ ገንዳውን ግን ማንም አይጠይቅም። ይህ አባባሉን ከወገቡ ቆርጦ መጣል ነው።

አባባሉ የሚነገረው በራቪዳስ ስም ነው። ራቪዳስ በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በባናራስ፣ በዛሬዋ ቫራናሲ፣ የኖረ ባለቅኔና መንፈሳዊ መምህር ነው። የተወለደው ቻማር ከሚባለው፣ የሞተ ከብት ከሚያነሣውና ቆዳ ከሚያለፋው ወገን ነው። በሀገራችን «ፋቂ» በሚለው ቃል ላይ ስንት ንቀት እንደተጫነ የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ትውልድ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። ራቪዳስ ግን ወገኑን አልሸሸገም፤ ዘመዶቹ በባናራስ ዙሪያ ዕለት ዕለት የሞተ ከብት እንደሚያጓጉዙ በመዝሙሩ በግልጽ ተናግሯል።

ሕዝቡ እንዲህ ይተርካል። በበዓል ቀን ጎረቤቶቹ ወደ ጋንጋ ሲወርዱ አብሯቸው እንዲሄድ ጠሩት። እሱ ግን ለአንድ ሰው ጫማውን ዛሬ ሊያስረክብ ቃል ገብቷል። «ብሄድም ልቤ ሥራው ላይ ነው የሚቀረው፤ እንዲህ ሆኜ ብታጠብ ምን ጽድቅ አለው?» አለና አባባሉን ተናገረ። ቀጥሎ ተአምር ይመጣል። በሰው እጅ የላከውን ሳንቲም ወንዟ እጇን ዘርግታ ትቀበላለች፣ አምባር ትልካለች፣ የአምባሩም ጥንድ ከገንዳው ይወጣል። ተአምሩ ያምራል። ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በፊት፣ በቃል ኪዳኑ ላይ አልቋል።

ገንዳው የምን ገንዳ ነው? ካቶቲ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ሰፊና ዝቅ ያለ ዕቃ ነው። በገበሬ ቤት ሊጥ ይቦካበታል፤ በጫማ ሰፊ ቤት ቆዳ ይነከርበታል። ቆዳው ግን እዚያ እስኪደርስ ብዙ ያልፋል። ጥሬው ቆዳ ታጥቦ በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ በእጅ ሲሳብ የሚለቅ ሲሆን በደነዘ ቢላ ይፋቃል፣ ከሥጋው ወገን ልፋጩ ይነሣል። ከዚያ ኖራው እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብ ነው። እዚህ የቸኮለ ሰው ዕዳውን የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ የቀረ ኖራ ከቅርፊት ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ቆዳው ይጠቁራል፣ ፊቱም ይሰነጣጠቃል።

የታጠበው ቆዳ በስልቻ መልክ ይሰፋና ከእንጨት ላይ ይንጠለጠላል። ውስጡ የተወቀጠ የባቡል ቅርፊትና ውሃ ይሞላበታል፤ ባቡል የግራር ዘር ነው። ጭማቂው በቆዳው እየሰረገ ይንጠባጠባል፣ ከሥር በሸክላ ይጠራቀማል፣ ተመልሶ ከላይ ይፈስሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልቻው ይገለበጣል፤ ካልተገለበጠ የላይኛው ጫፍ ጥሬ ይቀራል። ቆዳው መልፋቱ የሚታወቀው ጠርዙ ተቆርጦ ሲታይ ነው። ቡናማው ቀለም ከፊት እስከ ጀርባ ካልዘለቀና መሐሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከታየ፣ ያ መስመር ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲርስ ይበሰብሳል።

እንዲህ ለፍቶ የደረቀው ቆዳ ነው ጫማ ሰፊው ገንዳ ውስጥ የሚገባው። ለጫማ ሶል የሚሆነው ወፍራም ቆዳ ከውሃው ሲገባ አረፋ ይተፋል፤ አረፋው ሲያቆም ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ያኔ ይወጣል፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያርፋል፣ ርጥበቱ ውስጥ ድረስ እኩል እስኪዳረስ። ፊቱ ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር የመዶሻውና የወስፌው ሰዓት ደረሰ። ደረቁን የወጋው ሰው ቆዳውን ይሰነጥቃል፤ ውሃው እየተንጠፈጠፈ የሰፋው ደግሞ ክሩ ቆዳውን ይበላበታል፣ ሲደርቅም ስፌቱ ይላላል። ገንዳ ውስጥ የተረሳ ቆዳ ያለፋውን ጭማቂ መልሶ ለውሃው ይሰጣል፤ ውሃው ይቀላል፣ ቆዳው ባዶ ይሆናል። ውሃው በየጊዜው ካልተቀየረም ይሸታል።

ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ የራቪዳስ መልስ ሌላ መልክ ይይዛል። ቆዳው ተነክሯል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ዓይን ከገንዳው መነሣት የለበትም። ልቡ በገንዳው ያለው ሥራው እዚያ ስላለ ነው። የልብ ጥራት የሚለው ነገር፣ በእኛ ግምት፣ ከዚህ ሳይከፋፈል በአንድ ሥራ ላይ ከመገኘት ጋር የተጣበቀ ነው።

ገንዳው እንጨት የሆነውም በድህነት ብቻ አይመስለንም። በቅርፊት የለፋ እርጥብ ቆዳ ብረት ሲነካው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ የጥንቱ የጽሕፈት ቀለም ይሠራ የነበረው በዚሁ ውህደት ነው። ጥቁር ጫማ ሲፈለግ ሆን ተብሎ ይደረጋል እንጂ በብረት ዕቃ የነከረ ሰው ሥራውን ያበላሻል። የጋንጋ ውሃ በየቤቱ የሚቀመጠው ደግሞ በመዳብ ዕቃ ነው። እንግዲህ አባባሉ የሚያነጻጽረው ሁለቱን ዕቃዎች ይመስለናል፤ በአንድ ወገን የታሸገ መዳብ፣ በሌላ ወገን የከብት ቆዳ የተነከረበት እንጨት። በሂንዱ የንጽሕና ሥርዓት ሚዛን ከዚህ የበለጠ የረከሰ ውሃ ማግኘት ይከብዳል። አባባሉ ጋንጋን ያኖራት እዚያው ነው።

መነሻውን በተመለከተ፣ ዛሬ ቃሉን ከራቪዳስ ልለይ ለሚል ሰው ከሕዝቡ የሚስማማ የለም። ሆኖም በ1604 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበው የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ወደ 40 የሚጠጉ መዝሙሮቹ መካከል ይህ ቃል የለም። ከእሱ በፊት እንደኖረ በሚነገርለት በዮጊው፣ ማለትም በተመስጦ በሚኖረው መናኝ፣ በጎራክናት ስም በሚጠሩት ግጥሞች ውስጥ ግን ተመሳሳይ ስንኝ ይገኛል። ግምታችን፣ ቃሉ ከመንደር መንደር በሚዞሩት ዮጊዎች አፍ ተጀምሮ ቤቱን ያገኘው ቆዳ ሰሪው ዘንድ ነው የሚል ነው፤ ለዮጊው ገንዳው ምሳሌ ነበር፣ ለራቪዳስ ግን የዕለት ዕቃው ነው። ሌላም ነገር እንጠረጥራለን። የሂንዱ ካህን ለአምልኮ ማሰሮ ሲያዘጋጅ ውሃ ይሞላል፣ የማንጎ ቅጠል በአፉ ይደረድራል፣ ኮኮናት ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሰባቱን ወንዞች፣ ጋንጋን፣ ያሙናን፣ ጎዳቫሪን፣ ሳራስቫቲን፣ ናርማዳን፣ ሲንዱንና ካቬሪን፣ «በዚህ ውሃ ውስጥ ተገኙ» ብሎ በሳንስክሪት ይጠራቸዋል። ጋንጋን ወደ ዕቃ መጥራት እንግዲህ የታወቀ የካህን ሥራ ነበር። ቆዳ ሰሪው ያለ ካህን፣ ያለ ሳንስክሪት፣ ባልተፈቀደለት ዕቃ ጠራት። የአባባሉ ድፍረት እዚህ ላይ ነው።

የራቪዳስ ተከታዮች ዛሬም ይህን በአምልኳቸው ይኖሩታል። ብዙዎቹ ራሳቸውን ሂንዱ ይላሉ፤ ከሲክ ወገን የሚቆጥሩ አሉ፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ራቪዳሲያ የራሱ ሃይማኖት ነው የሚሉም አሉ። በባናራስ ደቡብ፣ ሲር ጎቨርዳንፑር፣ ትልቅ ቤተ መቅደስ ሠርተዋል። በየዓመቱ በማግ ወር ሙሉ ጨረቃ፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ፣ ከፑንጃብና ከውጭ ሀገር ሳይቀር ይሰበሰቡበታል፤ ለመጣው ሁሉ በነጻ ምግብ ይቀርባል፣ ማንም ከማን ጎን ሳይመርጥ ይቀመጣል። በሠፈር ማኅበሮቻቸው ዶላክ የተባለው ከበሮና ሃርሞኒየም ይዘው ይዘምራሉ። ከሚዘምሩት አንዱ የራቪዳስ የመብራት ጸሎት፣ አርቲ ነው። በተለመደው አርቲ ከጥጥ የተፈተለ ክር በንጥር ቅቤ ይነከራል፣ ይለኮሳል፣ ሳህኑ በቀኝ በኩል ይዞራል። ጥጡ እርጥበት ካለው ይንጫጫል፤ ክሩ ከረዘመ ይጨሳል። ራቪዳስ በመዝሙሩ ይህን ሁሉ እያነሣ «መብራቱ ስምህ፣ ክሩ ስምህ፣ ዘይቱ ስምህ፣ መታጠቢያዬም ስምህ» ይላል። ዕቃዎቹን በስም የጠራቸው በደንብ ስለሚያውቃቸው ነው፤ ተከታዮቹም መዝሙሩን የሚዘምሩት መብራቱን ለኩሰው ነው።

ስለዚህ አባባሉን ከማኅበር መቅሪያ፣ ቃል ማፍረሻ የሚያደርገው ሰው ያሳዝነናል። የባሰው ደግሞ ወንዙ ቆሸሸ ሲባል «ልብ ይጥራ እንጂ» ብሎ ማለፍ ነው። በካንፑር ከተማ፣ ጃጅማው ሠፈር ያሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ከባቡል ቅርፊት ወደ ክሮም፣ ወደ ቆዳ ማልፊያው ኬሚካል፣ ከዞሩ ቆይተዋል፤ ክሮም ያለበት ፍሳሻቸው ለጋንጋ የዘመናት በሽታ ሆኗል። ለዚህ የራቪዳስን ቃል መልስ ማድረግ ነውር ነው። አባባሉ የሚያምርበት ሰው አለ፤ ለደንበኛ የገባችውን ቀን ለማክበር ከበዓል የቀረች ልብስ ሰፊ፣ የታመመ አባቱን ትቶ ወንዝ መውረድ ያልቻለ ልጅ። እነሱ ሲሉት ገንዳው አብሮ ይሰማል።