«ጣቴ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ደህና ነኝ»፦ ስለ ዓለት ወጪዎች የጣት ጉዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓለት የሚወጣ ሰው ጣቱን ሲያመው ምክር አያጣም። አንዱ «ዝም ብለህ ውጣ፣ ይለቅሃል» ይለዋል። ሌላው «ስድስት ወር እንዳትነካው» ይለዋል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል።

መጀመሪያ ስለ ጣቱ ትንሽ እንበል። ጣት የሚያጥፉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ላይ ነው። ጉልበታቸው ወደ ጣት የሚደርሰው በረጃጅም ጅማቶች ነው። እነዚህን ጅማቶች ከአጥንቱ ሳይርቁ የሚይዙ ቀለበት መሰል ማቀፊያዎች አሉ፤ ፑሊ ይባላሉ። ሥራቸው ሱሪ ላይ ቀበቶ የሚያልፍባቸው ማንገቻዎች ከሚሠሩት ብዙም አይለይም። ከአውራ ጣት በቀር በእያንዳንዱ ጣት ላይ ከኤ1 እስከ ኤ5 የሚባሉ 5 ዋና ዋና ፑሊዎች አሉ። ከባዱን ሥራ የተሸከሙት ኤ2 እና ኤ4 ናቸው። ዓለት ወጪዎች ላይ ቶሎ ቶሎ የሚጎዳው ደግሞ ከጣቱ ሥር ያለው ኤ2 ነው፤ በተለይ የቀለበት ጣትና የመሃል ጣት ላይ።

«ጧ ሲል ካልሰማሁ አልተበጠሰም»

ድምፁ አንዳንዴ አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮ ይደርሳል። ግን ፑሊ በከፊል ሲቀደድ ምንም ላይሰማ ይችላል። ድምፅ ስለተሰማም ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል ማለት አይደለም። ከድምፁ ይልቅ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ብዙ ይናገራል።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ጠርዝ ተይዟል። ጣቶቹ መሃለኛው መገጣጠሚያ ላይ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፈዋል፣ የጫፉ መገጣጠሚያ ወደ ኋላ ተለምጧል። ክሪምፕ የሚባለው አያያዝ ነው። ድንገት እግር ያዳልጣል። ክብደቱ በሙሉ ጣት ላይ ይወድቃል፤ ሰውየው ደግሞ አልለቅም ብሎ ጨምድዶ ይይዛል። በክሪምፕ ጊዜ ኤ2 የሚሸከመው ጫና የጣት ጫፍ ከሚሸከመው በብዙ ይበልጣል። ታዲያ ከዚህ በኋላ የጣቱ ሥር በመዳፍ በኩል ሲጫኑት ካመመ፣ ካበጠ፣ በተለይ ደግሞ ክሪምፕ ሲያዝ ከባሰና ጣት ዘርግቶ ሲያዝ ከቀለለ፣ ፑሊው ተጎድቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም ከሆነ የጅማቱ ሽፋን ወይም የመገጣጠሚያው መቆጣት ሊሆን ይችላል።

«ጣቴ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ደህና ነኝ»

እንደ እኔ ብዙ ሰው የሚያታልለው ይሄኛው ነው። የተበጠሰው ማቀፊያው እንጂ ጅማቱ አይደለም፤ ስለዚህ ጣቱ ይታጠፋል። ጅማቱ ከአጥንቱ ርቆ ቆዳውን ሲገፋ በዓይን የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ፑሊ ሲበጠስ ነው። የጣቱ ጫፍ ጭራሽ አልታጠፍ ካለ ግን ጅማቱ ራሱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

«ራጅ ተነስቻለሁ፣ ምንም የለም ተብያለሁ»

ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ፑሊ አይታይበትም። ጥቅሙ ስብራት አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ፑሊውን ለማየት አልትራሳውንድ ይሻላል፤ ጣቱ ኃይል እያወጣ እያለ በጅማቱና በአጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ኤ2 ላይ ክፍተቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተበጥሷል ተብሎ ይጠረጠራል። ካልተለየ ኤም.አር.አይ ይታዘዛል።

በእድገት ላይ ያሉ ልጆች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እነሱ ላይ ከፑሊው በፊት የሚሸነፈው አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ነው። ሕመሙም በመዳፍ በኩል ሳይሆን በመሃለኛው መገጣጠሚያ ጀርባ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ያለው ታዳጊ መውጣቱን ማቆም አለበት። ካላቆመ ጣቱ ተጣሞ ሊቀር ይችላል። «ልምምድ ነው፣ ይለምደዋል» የሚል አሰልጣኝ ካለ አትስሙት።

«ከተበጠሰ ያለ ኦፕሬሽን አይድንም»

ጉዳቱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ አለው። ኦፕሬሽን የሚታሰበው በዋናነት 4ኛው ላይ፣ ብዙ ፑሊ አብሮ ሲበጠስ ነው። አንድ ፑሊ ብቻ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስም እንኳ አብዛኛው ሰው ያለ ቢላዋ ይድናል። በጊዜ ከተጀመረ ለጣቱ ልክ የሚሠራ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ጅማቱን ወደ አጥንቱ ይገፋል፣ የደም ሥሮቹ ባሉበት በጎንና በጎን ግን አያጨናንቅም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይደረጋል።

«እስኪድን አይነካ»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማሳረፍ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ጣት ይደርቃል፣ ጅማቱም ይደክማል። በቀስታ ማጠፍና መዘርጋት፣ ቀጥሎ ቀላል ጭነት፣ ከዚያ ትልልቅ መያዣ። ክሪምፕ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መለኪያው ሕመም ነው፤ በልምምዱ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋትም ከጨመረ በዝቷል ማለት ነው።

ቀላል ጉዳት ከሆነ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ወደ ቀላል አወጣጥ መመለስ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ለተበጠሰ 3 ወርና ከዚያ በላይ፣ ኦፕሬሽን ለተደረገለት ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አደገኛው ጊዜ መሃል ላይ ነው፤ ሕመሙ ጠፍቶ ጥንካሬው ገና ሳይመለስ ሰው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል።

ስቴሮይድ መርፌ ወስዶ ቶሎ ለመመለስ ማሰብስ? ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፣ ግን ጅማትን ያዳክማል። ይቅርባችሁ።

«በፕላስተር ካሰርኩት አይጎዳም»

ጤነኛ ጣትን ማሰር የፑሊ መበጠስን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። የተጎዳ ጣት ላይ ግን ይጠቅማል። ዓለት ወጪዎች ላይ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤች (H) ቅርጽ ያለው አስተሳሰር በጅማቱና በአጥንቱ መካከል ያለውን ክፍተት በ16 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የማይለጠጥ ፕላስተር ከሁለቱም ጫፍ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል፤ መሃሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል። ያልተቆረጠው ክፍል በመዳፍ በኩል መሃለኛው መገጣጠሚያ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ወደ መዳፍ ያሉት ሁለት ክንፎች ይጠመጠማሉ። ከዚያ ጣቱ ይታጠፍና ወደ ጫፍ ያሉት ይጠመጠማሉ። ጫፉ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ጠብቋል፤ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩት።