ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ምንድን ነው?

ሂሊየም በተለመደው የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ፣ ግፊቱ 25 እጥፍ ያህል ካልጨመረ በቀር አይጠጥርም። ሙቀቱ ወደ 271 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን ሲንተከተክ የነበረው ፈሳሽ በድንገት ጸጥ ይላል። መትነኑን አላቆመም፤ ሙቀት በውስጡ እጅግ በፍጥነት ስለሚሰራጭ አረፋ የሚፈጥር ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ሊጠራቀም አይችልም። ከዚህ ነጥብ በታች ያለው ሂሊየም ሱፐርፍሉይድ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1937 ፒዮትር ካፒትሳ በሞስኮ፣ ጆን አለንና ዶን ማይዝነር ደግሞ በካምብሪጅ የፈሳሹን አፈሳሰስ ለየብቻ ፈተሹ። ካፒትሳ ፈሳሹን ያሳለፈው በደንብ በተወለወሉና እርስ በርስ በተገጠሙ ሁለት የመስታወት ዝርጎች መካከል ነበር፤ ማንኛውም ሌላ ፈሳሽ ሊያልፍበት በሚቸገርበት በዚያ ክፍተት ሂሊየሙ ያለ አንዳች መጓተት አለፈ። ስለዚህ የውስጥ ፍትጊያ የለውም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ዲስክ እንቅስቃሴው ቀስ በቀስ ይዳከማል፤ ይህ ደግሞ ፍትጊያ መኖሩን ያሳያል።

በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋና ፍሬ ያለው እዚህ ተቃርኖ ውስጥ ነው። ላስሎ ቲሳና ሌቭ ላንዳው ያቀረቡት መፍትሔ፣ ፈሳሹ ፍትጊያ ያለው መደበኛ ክፍልና ፍትጊያ የሌለው ሱፐርፍሉይድ ክፍል እንዳለው አድርጎ መቁጠር ነው፦ በጠባቡ ክፍተት የሚያልፈው ሁለተኛው ሲሆን፣ ዲስኩን የሚይዘው የመጀመሪያው ነው። (ክፍል ሲባል ግን የአተሞች ክፍፍል አይደለም፤ ይህ አተም የዚህኛው፣ ያ የዚያኛው ነው ማለት አይቻልም።) ኤሌቭተር አንድሮኒካሽቪሊ በ1946 ተቀራርበው የተደረደሩ ስስ ዲስኮችን በፈሳሹ ውስጥ በማወዛወዝ አብሯቸው የሚጎተተውን መጠን ለካ፤ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር የሚጎተተው እያነሰ ሄደ። 1 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 272 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) አካባቢ መደበኛው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሂሊየሙ ከተቀመጠበት ብርጭቆ ራሱን ችሎ መውጣቱም ከዚሁ የመነጨ ነው። ብዙ ፈሳሾች ዕቃቸውን በስስ ሽፋን ያለብሳሉ፤ ሽፋኑ ግን በፍትጊያ ተይዞ ይቀራል። የሱፐርፍሉይዱ ሽፋን ውፍረቱ ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ያነሰ ቢሆንም የሚይዘው ስለሌለ በጠርዙ ላይ ተሻግሮ በውጭ በኩል ይወርድና ከብርጭቆው ሥር ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽፋኑ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን ሊፈስ ስለማይችል፣ ብርጭቆው የሚጎድለው በዝግታ ነው።