የፊልም ጭጋግ ምንድን ነው?

ፊልም ሲበላሽ «ተቃጠለ» እንላለን። የካሜራው ጀርባ ሳይታሰብ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባበት ቃሉ ልክ ነው። አየር ማረፊያ የኤክስሬይ ፍተሻ ላይ የሚደርስበት ጉዳት ግን ከዚህ ይለያል። አንዴ ቦግ ብሎ አያልቅም። በየፍተሻው ይጠራቀማል፤ ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስም አይታወቅም። ሲታጠብ ፎቶው አለ። ድቅድቅ ጥቁር መሆን የነበረበት ጥላ ግን አመድማ ሆኗል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ምስሉ ሻክሯል። ስስ ሻሽ ጣል የተደረገበት ይመስላል። ጭጋግ የሚባለው ይህ ነው።

ከየት ይመጣል? ፊልሙ ላይ በተቀባው ጄላቲን ውስጥ በጣም ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮን ይላቀቅና ቅንጣቷ ላይ ጥቂት የብር አተሞች ይሰበሰባሉ። ይህን ምልክት ዓይን አያየውም። የማጠቢያው ኬሚካል ግን ያገኘዋል፤ ምልክት ያለባትን ቅንጣት ወደ ጥቁር ብር ይለውጣታል። ታዲያ ኤክስሬይም ኤሌክትሮን ያላቅቃል። ለፊልሙ ሁለቱም ያው ናቸው። ብርሃን ቢያንስ በሌንሱ በኩል ተፈቅዶለት ነው የሚገባው። ኤክስሬይ ቆርቆሮውንም የካሜራውንም ገላ ሰንጥቆ ያልፋል።

ነገሩ ከአየር ማረፊያ በፊት የነበረ ነው። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ኤክስሬይን ሲያገኝ የሚስቱን የእጅ አጥንት ከነቀለበቷ ያስቀረው በፎቶ ሰሌዳ ላይ ነበር። በዓመቱ አንሪ ቤክሬል ብርሃን እንዳይነካው የተጠቀለለ ሰሌዳ ከዩራኒየም ጨው ጋር መሳቢያ ውስጥ አኖረ። ሰሌዳው ሲታጠብ ጠቁሮ ቆየው። ራዲዮአክቲቪቲ፣ ማለትም ከቁስ በራሱ የሚወጣ ጨረር፣ የታወቀው በጭጋግ ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም።

ሁሉም ፊልም እኩል አይጎዳም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የአይኤስኦ ቁጥር ወሳኝ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፊልሙ ለብርሃን ንቁ ነው፤ ለብርሃን የነቃ ደግሞ ለኤክስሬይም ይነቃል። ባለ 100 ፊልም ቻይ ነው። ባለ 3200 ደግሞ ትንሽም ይበቃዋል። ወዲያው ታትሞ የሚወጣው የኢንስታክስ ፊልምም 800 ስለሆነ ከስሱዎቹ ወገን ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ከፊልሙ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ማሽኑ ነው። በእጅ ለሚያዝ ሻንጣ ለዓመታት ያገለገለው የቆየው ኤክስሬይ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ከ800 በታች የሆነ ፊልም አንድ ሁለቴ ቢያልፍበት ብዙ ጊዜ ለውጡ አይታይም። «ከ800 በታች ችግር የለውም» የሚለው የድሮ ማስታወቂያ የመጣውም ከዚያ ነው። ግን አንድ ጉዞ አንድ ፍተሻ ብቻ አይደለም። መሄጃ፣ መሸጋገሪያ፣ መመለሻ እያለ ይደመራል። አሁን ደግሞ በቆየው ማሽን ቦታ ሲቲ ስካነር እየገባ ነው። ይህ ሻንጣውን ከብዙ አቅጣጫ አንስቶ ዙሪያውን የሚታይ ምስል ይሠራል፤ ጨረሩም በዚያው ልክ ይበዛል። ፊልም አምራቾቹ ኮዳክና ኢልፎርድ ያልታጠበ ፊልም በሲቲ እንዳያልፍ ይመክራሉ። እዚህ ላይ የ800ው ወሬ አይሠራም።

የሲቲውን ማሽን እንዴት ትለዩታላችሁ? ትልቅና ወፍራም ነው፣ መተላለፊያው ዋሻ ይመስላል። ከሁሉ የሚቀለው ምልክት ግን ፈታሾቹ የሚሉት ነው። «ላፕቶፕህን ከቦርሳ አታውጣ» ካሉህ ሲቲ ነው ብለህ ጠርጥር።

የባሰው ለጭነት የሚሰጠው ሻንጣ ነው። እዚያ ያሉት ማሽኖች ኃይለኛ ናቸው። ፊልሙ ጥቅል ስለሆነ ሲፈታ ጨረሩ የሚወዛወዝ ሰንበር ጥሎበት ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ያልታጠበ ፊልም እዚያ አይገባም፤ በቃ። ከእርሳስ ብረት የተሠራ መከላከያ ከረጢትም እኔ አላምነውም። ማሽኑ አሳልፎ ማየት ሲያቅተው ሻንጣው ሊከፈት ይችላል።

የቀረው መንገድ የእጅ ፍተሻ መጠየቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩ ራሱ ተሳፋሪው እንዲጠይቅ ይመክራል። ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ በፈታሹ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ የሚገኘው ሥራ ስታቀልላቸው ነው። ካርቶኑን ጣሉ። ጥቅሎቹን ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጉ፣ ባለ 3200 ካላችሁ ከላይ ይታይ። ሰልፉ ሳይበዛ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከረጢቱን ቀበቶው ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት በእጃችሁ ስጡ፤ ከገባ በኋላ መለመን ትርጉም የለውም። የፈንጂ ቅሪት በጨርቅ ጠርገው ያያሉ፣ ያልቃል። ካሜራ ውስጥ ያለውን ጥቅል ቀድማችሁ ጨርሱት፤ አለዚያ «ጀርባውን ክፈት» ሲሉህ ማስረዳት ልትጀምር ነው።

እምቢ ካሉስ? በትሕትና አንዴ ጠይቅ፣ የቆየ ማሽን ያለበት መስመር ካለ ወደዚያ ሂድ። ከፈታሽ ጋር ተጨቃጭቆ ያተረፈ አላየሁም። ብዙ አየር ማረፊያ የሚያቋርጥ ሰው ከቻለ ፊልሙን እደረሰበት ገዝቶ፣ ሳይመለስ እዚያው ቢያሳጥብ ይሻለዋል። የታጠበ ኔጋቲቭ ከኤክስሬይ ነፃ ነው። ብረት መፈለጊያው በርም ኤክስሬይ ስላልሆነ ፊልም አይነካም።

ዲጂታል ካሜራና ሜሞሪ ካርድ ያላችሁ፣ ኤክስሬዩ የእናንተ ጣጣ አይደለም። የእናንተ ጣጣ ባትሪው ነው። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገባም፤ ጫፉ ተሸፍኖ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት በነፃ ያልፋል፣ ከዚያ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዋት ሰዓቱን ለማወቅ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ የተለመደ የካሜራ ባትሪ 20 እንኳ አይሞላም።

ተነሥቶበት የጨገገ ፊልም መድኃኒት የለውም። ገና ያልተነሣበት፣ ግን ስንት ማሽን እንዳለፈ የጠፋባችሁ ጥቅል ካለ ግን አትጣሉት። ባለ 400 ቀለም ኔጋቲቭ ከሆነ ካሜራውን 200 ላይ አድርጋችሁ አንሡበት። ተጨማሪው ብርሃን ጥላውን ከጭጋጉ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሠርግ ግን አታንሡበት።