ቼክዲስክ ምንድን ነው? ፎቶና ቪዲዮ ሊያጠፋ ይችላል?

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንድ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ልጅ የእህቷ ሰርግ ያለበትን ሜሞሪ ካርድ ይዛ ገባች። ካርዱ ሲሰካ ዊንዶውስ ችግር እንዳለበት ገልጾ ፈትሼ ልጠግን ወይ ብሎ ጠየቀ። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሊጫነው እጁን ማውሱ ላይ አድርጓል።

«ቆይ ወንድሜ፣ አትንካው!» አልኩት። ልጅቷ ደነገጠች። «ሊጠግነው አይደል እንዴ? ጥገና ምን ይጎዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቼክዲስክ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የዲስክ መፈተሻ ነው። ማክ ላይ ፈርስት ኤይድ፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍኤስሲኬ አሉ። ሁሉም የሚፈትሹት ፎቶውን ሳይሆን መዝገቡን ነው።

ጅማ ላደገ ሰው በቡና መጋዘን ማስረዳት ይቀላል። መጋዘን ውስጥ የማን ጆንያ የት እንደተደረደረ የሚያሳይ መዝገብ አለ። ዲስክም እንዲሁ ነው። አንድ ቪዲዮ በብዙ ቁራጭ ይቀመጣል፤ ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ የሚነግረን መዝገቡ ነው። ቼክዲስክ ይህ መዝገብ እርስ በርሱ እንዲስማማ ያደርጋል። ጆንያው ውስጥ ያለው ቡና ይሁን ገለባ ፈትቶ አያይም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ቪዲዮው 3 ጊጋ ነው ይላል እንበል። የቁራጮቹ ሰንሰለት ግን 2 ጊጋ ላይ ተበጥሷል። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ላይ ቼክዲስክ መጠኑን 2 ጊጋ ብሎ ያርመዋል። መዝገቡ ተስተካከለ፣ ቪዲዮው ግን ተቆርጦ ቀረ። ባለቤት ያጣው ቁራጭ ፋውንድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ስሙም ተቀይሮ መጨረሻው ሲኤችኬ ይሆናል። ፎቶ ከሆነ ያንን መጨረሻ ወደ ጄፔግ ለውጦ መክፈት አንዳንዴ ይሠራል። ቪዲዮ ግን ይከብዳል። ብዙ ካሜራዎች ኤምፒ ፎር የሚባለውን የቪዲዮ ፋይል ማውጫ የሚጽፉት ቀረጻው ሲቆም፣ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው። ጭራው ከተቆረጠ ምስሉ ካርዱ ላይ እያለ ማጫወቻው አልከፍትም ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉዳቱን የጀመረው ቼክዲስክ አይደለም። እየጻፈ ያለ ካርድ ተነቅሏል፣ ወይ መብራት ድንገት ሄዷል። ጥገናው ግን አሮጌውን መዝገብ ያጠፋዋል። ያ የተበላሸ መዝገብ ደግሞ ፋይል ለሚያድን ሰው ፍንጭ ነበር።

የቼክዲስክ ትዕዛዝ (chkdsk) ብቻውን ሲጻፍ ያነባል እንጂ ምንም አይለውጥም። ስላሽ ኤፍ (/f) ሲጨመርበት ነው ማረም የሚጀምረው። ስላሽ አር (/r) ደግሞ ከማረም አልፎ የተጎዳ ቦታ ፍለጋ ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ ያነባል፤ 1 ቴራ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ ላይ ይህን በፍጹም አትዘዙ። እየሞተ ያለ ዲስክ ልፋቱን አይችለውም።

ጤነኛ ዲስክ ላይ ግን አትስጉ። የዊንዶውስ ኮምፒውተሮቻችን የሚጠቀሙበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የፋይል አመዘጋገብ ስልት መዝገቡን ከመለወጡ በፊት ምን ሊለውጥ እንደሆነ ማስታወሻ ይይዛል። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚደረገው ፍተሻ አምና ያስቀመጣችሁትን ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አይነካም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መልእክቱን ዘጋነው። የሚከፈቱትን ፎቶዎች በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳን፤ ሁለት ቪዲዮዎች ግን አንከፈትም አሉ። ቀጥሎ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም የካርዱን ኢሜጅ ወሰድን፤ ካርዱ ባዶ የሚመስለው ቦታ ሳይቀር እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ተገለበጠ ማለት ነው። 32 ጊጋ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ቡናም ተጠጣ። ጥገናውን የፈቀድነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንቢ ካሉት ሁለት ቪዲዮዎች አንዱ ተከፈተ። ሌላው የፈራሁት ደረሰበት፤ ተቆረጠ። ኢሜጁ ግን እጃችን ላይ ነበር። ፎቶሬክ የሚባል ፕሮግራም ለቀቅንበት። እሱ መዝገቡን ትቶ የፋይሎችን አጀማመር እየለየ ይፈልጋል። ካርዱ ከሰርጉ በፊት ፎርማት ተደርጎ ስለነበር ቪዲዮው ሳይበታተን ተከታትሎ ተቀምጧል። ሙሉውን አወጣው። የእናትየው ምርቃት እዚያ ውስጥ ነበር።