ነርስነት ምንድን ነው? ከአልጋ ዳር እስከ ጣና ደሴቶች

ነርስነት የታመመን ሰው ሳያቋርጡ መከታተል፣ ሁኔታው ሲለወጥ ቀድሞ ማወቅና በጊዜው እርምጃ መውሰድ ነው። መርፌ መውጋትና ቁስል መጥረግ ከሥራው የሚታየው ክፍል ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ዘመድ ያስታመመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሐኪሙ በራውንድ (ሕሙማንን ዞሮ በሚያይበት) ሰዓት መጥቶ ከአልጋው አጠገብ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ የቀረውን ቀንና ሌሊት የሚሸፍኑት ነርሶች ናቸው። በሽታ ደግሞ የሚብሰው ራውንድ ጠብቆ አይደለም።

የክትትሉ መሠረት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን ነው። ጤነኛ ዐዋቂ አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ሰው ሕመሙ ሊከፋበት ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዛባው አተነፋፈሱ ነው፤ ቻርት ላይ በግምት የሚሞላውም እሱው ነው። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ግን የአንዲት ትንፋሽ ስሕተት በውጤቱ ላይ 4 ትሆናለች። በአንድ ዋርድ የሁሉም በሽተኛ ቻርት ላይ ትንፋሹ «20» ተብሎ ከተጻፈ፣ የቆጠረ ሰው የለም ማለት ነው። ጥሩ ነርስ የእጅ አንጓ ይዛ የልብ ምት የምትለካ መስላ፣ በሽተኛው ሳይነቃባት ሙሉ ደቂቃ ደረቱን ትቆጥራለች። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣላ። የግፊት መለኪያውም እንዲሁ ያታልላል፤ በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ከታሰረ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ሕዝቡ በጥቅሉ «ግሉኮስ» የሚለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም ስሌት አለው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለና መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። ችግሩ የሚፈጠረው አስታማሚ «ቶሎ ይለቅለት» ብሎ መቆጣጠሪያዋን ሲከፍታት ነው። ልቡ ለደከመ ሰው ወይም ለሕፃን ይህ ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ማለት ሊሆን ይችላል።

ሴቶች ወደዚህ ሙያ በብዛት የገቡበት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ይጀመራል። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1854፣ 38 ሴቶችን ይዛ በዛሬዋ ኢስታንቡል ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሄደች። መብራት ይዛ በሌሊት በአልጋዎች መካከል መዞሯ ብቻ መነገሩ ያሳንሳታል። ትልቁ ሥራዋ ቁጥር ነበር፤ ከቁስል ይልቅ ቆሻሻና ተላላፊ በሽታ ወታደሩን እንደጨረሰው በሥዕላዊ ስታቲስቲክስ አሳይታለች። በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ፤ ልደቷ የሚውልበት ግንቦት 4 ዛሬ የዓለም ነርሶች ቀን ነው። በዚያው ጦርነት በራሷ ወጪ ሄዳ ወታደሮችን ያስታመመችው የጃማይካዋ ሜሪ ሲኮል ግን ለረጅም ዘመን ተረስታ ቆይታለች።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተበታተነ፤ ለሴቶች የጠቀመውም መበታተኑ ነው። ኒው ዚላንድ በ1901 ነርሶችን በሕግ መዘገበች፤ ሙያው ከበጎ ፈቃድ ወጥቶ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ሊሊያን ዋልድ በ1893 በኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር ውስጥ ነርሶችን ከቤት ቤት ማሰማራት ጀመረች። ሲሲሊ ሳንደርስ ነርስ ነበረች፤ ኋላ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ቀጥሎም ሐኪም ሆና፣ መዳን ለማይችሉ ሕሙማን ሥቃይ ማስታገሻ የሆነውን የሆስፒስ አገልግሎት በ1967 መሠረተች። ሎሬታ ፎርድ በ1965 በአሜሪካ ኮሎራዶ ነርስ ራሷ መርምራ የምታክምበትን ሥልጠና ከአንድ ሐኪም ጋር አስጀመረች።

በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች የሠሩት በውጭ ነርሶችና በአብዛኛው ወንዶች በነበሩ ድሬሰሮች (ቁስል በሚያጥቡና በሚያሽጉ ረዳቶች) ነው። ነርስነት ለኢትዮጵያዊት ሴት ክብር ያለው ሙያ ሆኖ እንዲታይ ካደረጉት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ትገኛለች። በስደቱ ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና የተመዘገበች ነርስ ሆነች። ነገር ግን ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። ነርስ የሆነች ልዕልት እንኳ በዚያን ጊዜ በቅርብ የወሊድ አገልግሎት ከማጣት አልዳነችም፤ ይህን ልብ ይሏል። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት።

ለጣና አካባቢ ግን የሚበልጠው ታሪክ የጎንደር ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለውን የደንቢያን ሜዳ ወባ ባጠቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ያሠለጠነው በቡድን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እና ማኅበረሰብ ነርስ። ማኅበረሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በጤና ጣቢያና በየቤታቸው እንድትከታተል ታስባ የሠለጠነች ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያንኑ ሐሳብ አስፍቶታል፤ በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይመደባሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነርስ አይደለችም፤ ብዙ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል።

ባሕር ዳር ላይ ነርስነት ጎልቶ የሚታይበት አንድ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ነው። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ምክንያት በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ ሲሆን ሽንት ያለማቋረጥ ያፈስሳል። ቀዳዳውን የሚሰፋው ቀዶ ሐኪም ነው፤ ስፌቱን የሚያድነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነርሲንግ ነው። ሽንት የሚያወርደው ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ አንድም ሰዓት መዘጋት የለበትም። ከተጣመመ፣ በረጋ ደም ከተደፈነ ወይም ሕመምተኛዋ ተኝታበት ካደረች ፊኛው ይወጠራል፤ ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ ነርሷ በሌሊትም ተነሥታ ሽንቱ እየወረደ መሆኑን፣ አንሶላው መድረቁን ታያለች፤ ሽንቱ ቀጭን እንዲሆን ብዙ ውሃ ታጠጣለች። በሐምሊን ሆስፒታሎች ድነው በዚያው ረዳት ነርስ ሆነው የቀሩ ሴቶች አሉ፤ አዲስ የመጣችን ሴት አንገቷን ቀና እንድታደርግ ማንም እንደነሱ አያሳምናትም።

ሌላው የሚከብደው በሐይቁ ምሥራቅ በኩል ያለው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና ፎገራ ወረዳዎች ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ) ሲከሰት መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ለዚህ ነው በዚያ አካባቢ የምትሠራ ነርስ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፣ ክሳትና ያበጠ ጣፊያ አንድ ላይ ካየች፣ ሌላ ዙር የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ ለካላ አዛር ምርመራ መላክ ያለባት።

አዋላጅ ነርስነት ለብቻው ሙያ ሆኗል። በጣና ሐይቅ ላይ ባለው ደቅ ደሴት ማዋለድ ማለት አምቡላንስ በማይሻገረው ውሃ ማዶ ሆኖ መወሰን ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ሌላ ልጅ እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ ማኅፀን እንዲኮማተር የሚያደርገውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ በጡንቻ ትወጋለች። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማኅፀኑ መጠንከሩን ትዳስሳለች። ማኅፀኑ ከላላ ታሻዋለች፤ ፊኛው መሙላቱንም ታያለች፤ ምክንያቱም የሞላ ፊኛ ማኅፀን እንዳይኮማተር ያደርጋል። ደሙ ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ እንደ ድንገተኛ ይቆጠራል። ሐይቁ ላይ ግን ጀልባ ማዘጋጀት የሚጀመረው እስከዚያ ተጠብቆ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ መሻገር ይከብዳልና። ለዚህም ሲባል ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ቀድመው ወደ እናቶች ማቆያ እንዲመጡ ይመከራሉ።

ወደ ሙያው የሚገባው በኮሌጅ ሥልጠና ወይም በዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ነው። ከዚያ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በአእምሮ ሕክምና መቀጠል ይቻላል፤ ሌሎች ወደ ማስተማር ወይም ወደ ሆስፒታል አስተዳደር ይሄዳሉ። በኢትዮጵያ ወንድ ነርሶች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሴቶቹ በቁጥር ብልጫ ብቻ ኃላፊነት ላይ አይደርሱም። ብዙዎቹ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚያዘገዩት ሕፃን ይዞ የሌሊት ተረኝነት ስለሚከብድ ነው። ስለዚህ አንዲት ተመራቂ ዋርድ ስትመርጥ ከደመወዙ እኩል መጠየቅ ያለባት ነገር አለ፤ በወር ስንት ሌሊት እንደሚደርሳት፣ በአንድ ፈረቃ ለስንት በሽተኛ ስንት ነርስ እንደሚመደብ፣ ለትምህርት የሚለቀቁ ሰዎች በምን ተራ እንደሚመረጡ።