ቦይንግና የደህንነት ችግሮቹ፦ ከአዲስ አበባ ሲታይ

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ1916 ሲያትል ውስጥ የተመሰረተ የአሜሪካ አውሮፕላን አምራች ሲሆን የትላልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖችን ገበያ ከኤርባስ ጋር ተካፍሎ ይዞታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ስሙ ከአየር መንገዳችን ተነጥሎ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለት ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ ለጄት አልሆን ስላለ ነው ቦሌ የተሰራው፣ በ2012 ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያውን 787 ድሪምላይነር የተረከበው የኛው ነው።

የኩባንያው ባህል መቼ ተበላሸ ለሚለው አብዛኛው ፀሐፊ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. 1997ን ነው፣ ከማክዶኔል ዳግላስ ጋር የተዋሃደበትን ዓመት። ከዛ በኋላ የኢንጂነሮቹ ድምፅ እያነሰ የሂሳብ ሰዎቹ ድምፅ እየጎላ ሄደ ይባላል። በ2001 ዋና መስሪያ ቤቱ አውሮፕላኖቹ ከሚሰሩበት ሲያትል ተነቅሎ ቺካጎ ገባ፣ ከ2013 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ደግሞ ኩባንያው የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ያ ሁሉ ብር ለአዲስ አውሮፕላን ዲዛይን ቢውልስ ኖሮ የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳዋል።

787 ላይ በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የባትሪ እሳት ተነስቶ በዓለም ያሉት ድሪምላይነሮች በሙሉ ቆመው ነበር። እገዳው ሲነሳ መጀመሪያ መንገደኛ ጭኖ ወደ ናይሮቢ የበረረው የኛ አየር መንገድ ነው፣ ያውም ማንም ሳይደፍር። በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ ሂትሮው ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ተቃጠለ፣ ሰው አልነበረበትም፣ ምክንያቱ ሌላ ድርጅት የሰራው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ ባትሪ ሆኖ ተገኘ።

ዋናው ጉዳይ 737 ማክስ ነው። ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር የገጠመውን ኤ320 ኒዮ ሲያመጣ ቦይንግ አዲስ አውሮፕላን ለመስራት ጊዜ ስላልነበረው እ.ኤ.አ. በ2011 የድሮውን 737 በትላልቅ ሞተር ለማደስ ወሰነ። ሞተሮቹ ትልቅ ስለሆኑ ወደፊትና ወደላይ ተገፍተው ተተከሉ፣ ይሄ ደግሞ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ወደላይ ያነሳዋል፣ ስለዚህ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል የጅራቱን አግድም ክንፍ አዙሮ ወደታች የሚደፋው ማለት ነው። ችግሩ ኤምካስ የሚሰማው አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር አንፃር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለካ አንድ ሴንሰርን ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ሴንሰር ከተሳሳተ በቃ፣ ሶፍትዌሩ ደህናውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይገፋዋል። መጀመሪያ በአንድ ጊዜ 0.6 ዲግሪ ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው፣ በሙከራ ወቅት ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ። በፓይለቶች ማኑዋል ላይ ግን ስለዚህ ሲስተም ምንም አልተፃፈም። ለምን ቢባል፣ ትልቅ ለውጥ ነው ከተባለ የሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ መለማመጃ) ስልጠና ሊያስፈልግ ነው፣ ቦይንግ ደግሞ ሲሙሌተር ካስፈለገ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍኤኤ ደግሞ ብዙውን የማረጋገጥ ስራ ለቦይንግ ለራሱ ሰራተኞች ሰጥቶት ነበር።

በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 19/2011 ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር ማክስ ባህር ገብቶ 189 ሰው አለቀ። ቦይንግ መመሪያ ላከ፣ ኤምካስ የሚለውን ስም እንኳን አልጠቀሰበትም። ኤፍኤኤ ውስጥ በታህሳስ 2018 እ.ኤ.አ. የተሰራ ግምት ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ እድሜ ልክ 15 ያህል አደጋ ሊደርስ ይችላል ይል ነበር፣ ያም ሆኖ ማክሶቹ መብረራቸውን ቀጠሉ።

መጋቢት 1/2011 እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። አውሮፕላኑ ከተረከብነው ገና አራት ወሩ ነው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ሲሆን ከ8,000 ሰዓት በላይ በሯል፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። ከመሬት እንደለቀቁ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አነበበ፣ የቀኙ በዛው ሰዓት 15.3 ነበር። የካፒቴኑ መሪ ለማስጠንቀቅ ይንቀጠቀጣል፣ አውሮፕላኑ ራሱን ወደታች ይደፋል። ሁለቱ ልጆች ቦይንግ ባለው መሰረት የጅራቱን ኤሌክትሪክ ቆረጡት፣ ከዛ የጅራቱን ክንፍ በእጅ የሚያንቀሳቅሰውን መዘውር ለማዞር ሲሞክሩ አልንቀሳቀስ አለ፣ ረዳቱ እየሰራ አይደለም ብሎ መለሰ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ እንደገና ደፋው። በ6 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ቢሾፍቱ አካባቢ ቱሉ ፋራ ላይ መሬቱን ወደ 10 ሜትር ቆፍሮ ገባ፣ ከ35 አገር የመጡ 157 ሰዎች ሞቱ።

አስከሬኖቹን ወዲያው መለየት ስላልተቻለ ለቤተሰቦች ከስፍራው የወጣ አፈር ተሰጣቸው። መጋቢት 8 አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባንዲራ የለበሱ 17 ሳጥኖች ተቀበሩ፣ የኢትዮጵያውያኑ ተሳፋሪዎችና የበረራ ሰራተኞች ናቸው፣ በውስጣቸው ሰው አልነበረም።

ብላክ ቦክሱን አገራችን ለአሜሪካ አልሰጠችም፣ ፈረንሳይ ነው የላከችው፣ ጥሩ አደረገች። መጋቢት 26 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን ሂደት ደጋግመው እንደተከተሉ አስታወቁ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈፃሚ የነበረው ዴኒስ ሚውለንበርግ ግን ሚያዝያ 21 አንዳንድ ሂደቶች ሙሉ በሙሉ አልተከተሉም ብሎ ተናገረ። የኛን አየር መንገድ በስልጠና መጠርጠር ለሚያውቀው ሰው ያስገርማል፣ የማክስ ሲሙሌተር ከነበራቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር፣ ሲሙሌተሩ የኤምካስን ችግር ማሳየት እንዲችል ተደርጎ አለመሰራቱ የማን ጥፋት ነው?

የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርት በኛ አቆጣጠር ታህሳስ 2015 ወጣ። ጥፋቱን ኤምካስ ላይ አደረገ፣ ሴንሰሩ የተበላሸውም ከፋብሪካ ጀምሮ በነበረ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። አሜሪካኖቹ ሴንሰሩን ወፍ ነው የመታው ብለው ተቃወሙ፣ እነሱና ፈረንሳዮቹ ስለ ፍጥነቱና ስለ አብራሪዎቹ አያያዝ በቂ አልተፃፈም አሉ፣ ይህን የሚቀበሉ ባለሙያዎች አሉ። 737 በሚሰራበት የቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ከኃላፊዎቹ አንዱ የነበረው ኤድ ፒርሰን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ሰራተኛው በጥድፊያ ስለደከመ መስመሩ ይቁም ብሎ ለአለቆቹ ፅፎ ነበር፣ የኛው አውሮፕላን የተሰራው በዛው ፋብሪካ በዛው ዓመት ነው።

ሚውለንበርግ በታህሳስ 2019 እ.ኤ.አ. ተነሳ፣ 62 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የሚገመት ጥቅም ይዞ። በ2021 በወንጀል ክሱ ላይ ከአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር ጋር በተደረገው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ውስጥ ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። አብዛኛው፣ 1.77 ቢሊዮኑ፣ ለአየር መንገዶች ካሳ ሆነ፣ ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን።

በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአላስካ አየር መንገድ ማክስ አየር ላይ እያለ የበር መዝጊያ ፓኔሉ ተገንጥሎ ወደቀ፣ የሚይዙት አራት ብሎኖች ፋብሪካ ውስጥ አልተገጠሙም ነበር። ሰው አልሞተም።

አየር መንገዳችን ከአደጋው በኋላ አቁሞት የነበረውን ማክስ መልሶ ያበረረው በኛ አቆጣጠር ጥር 24/2014 ነው፣ ሚኒስትሮችና ዲፕሎማቶች ተሳፍረውበት። በህዳር 2016 ዓ.ም. ዱባይ ላይ 11 ድሪምላይነርና 20 ማክስ አዘዘ። ይሄን ያልወደደው ሰው ብዙ ነው፣ ግን አብራሪውም ቴክኒሻኑም በቦይንግ የሰለጠነበት ድርጅት በአንድ ጊዜ ወደ ኤርባስ ይዙር ማለት ከባድ ነው።

የወንጀል ክሱ በህዳር 2025 እ.ኤ.አ. በዳኛ ትዕዛዝ ተዘጋ። የፍትሐ ብሔሩ ቺካጎ ላይ የሚታይ ሲሆን አብዛኛው ቤተሰብ በምስጢር ተስማምቷል። ፍርድ ቤት የገቡትም የሚከራከሩት በካሳው መጠን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቦይንግ በህዳር 2021 እ.ኤ.አ. ለበረራ 302 ኃላፊነቱ የራሱ እንደሆነና አብራሪዎቹን ጥፋተኛ እንደማያደርግ በፅሁፍ ተቀብሏል።